ቀለም ሲዘልቅ

ሁለት ነጥብ ስምንት።
በቀይ፣ በግራ ጥግ፣ ከስሜ አጠገብ፤
ማለፊያው አራት ነው፣ ሙሉው ደግሞ ሰባት፤
እዚህ ፑንታ አሬናስ ማርክ እንዲህ ነው የሚነበብ።

"አላጠናችም" እንዳትሉ፤ አጥንቻለሁ፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ዓይኔን አፍጥጫለሁ፤
ቢጫ ማርከሬን ይዤ እንደ ግድግዳ ቀቢ
አንድ መስመር ሳልተው ገጹን አልብሻለሁ።
ርዕሱን ቀባሁት፣ ምሳሌውን ቀባሁ፣
"ሥዕል ሦስትን ይመልከቱ" የሚለውን ቀባሁ፤
ቀለሙ ዘለቀ ወረቀቱን በስቶ
ከገጽ አርባ አንድ ወደ አርባ ሦስት ገብቶ፤
መጽሐፉን ዘልቆ፣ ጠረጴዛው ደርሶ፣
እኔን ብቻ ሳይዘልቅ ቀረ ተመልሶ።

ከፖርቬኒር ነኝ፣ ከባሕሩ ማዶ፤
በጀልባ ሁለት ሰዓት፣ ማዕበል ካልከፋ።
አባቴ ሸርጣን ያጠምዳል፤ እናቴ ፋብሪካ ውስጥ
እግሩን ከገላው ትለያለች፣ በጓንት፣ ቆማ።
እዚያ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ።
(አሥራ አንድ ነበርን።)

እዚህ አዳራሹ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል፤
መምህሩ ትንፋሽ ሲወስድ ምዕራፍ ያልቃል።
ያለውን ሁሉ እጽፋለሁ፣
"እንደምን አደራችሁ" ሳይቀር እጽፋለሁ፤
ማታ ሳነበው
የገዛ እጄ ጽሑፍ
የማላውቀው ሰው ደብዳቤ ይሆንብኛል።

ዳማሪስ ኦያርሶ፣ የሦስተኛ ዓመት፣
ማክሰኞና ሐሙስ በንባብ ክፍሉ ጥግ
በጥቂት ፔሶ ጀማሪ የምታስጠና፣
መጽሐፌን ገለጠች። ሳቀች።
"ያስና፣ ይሄ ፀሐይ እንጂ መጽሐፍ አይደለም።"
ከዚያ ዘጋችውና በክርኗ ተጫነችው።
"አሁን ንገሪኝ፤ ምን ይላል?"

ምን ይላል?
ቀኝ ገጽ፣ ከላይ፣ ቢጫ እንደነበር አስታወስኩ።
ሌላ የለም።
ውጭ ነፋሱ መስኮቱን ይጎነትላል፤
ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች፤ አላዘነችልኝም።
ባዶ ወረቀት ገፋችልኝ፦ "የቀረውን ጻፊ።"
(የቀረልኝን ነው? ወይስ የቀረብኝን?)
ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ አንዱ ስሕተት ነበር።

ማርከሬን ወሰደች፤ እርሳስ ሰጠችኝ፣ ያውም ግማሽ።
"ገጹን አንብቢ፣ ዝጊ፣ በራስሽ አፍ ጻፊ፤
ከዳር በኩል ደግሞ ጥያቄ አትርፊ፤
ነገ ጥያቄውን ብቻ እያየሽ መልሺ፤
ከጠፋሽ፣ ጎሽ! ያኔ ክፈቺ፣ ፈልጊ፤
ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ርሺ፣ ደግሞ አንሺ።"

በዚህ ከተማ ነፋሱ ሲብስ
ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ይዘረጋል፤
ሰው በመንገዱ ጥግ እየጨበጠ ያልፋል፤
ያልጨበጠ፣ ቀድሞ ኮፍያው ይሄዳል፣ ቀጥሎ እሱ ራሱ።
እኔም በገጹ ዳር ጥያቄ ዘረጋሁ፤
አንዱን ሳለቅ ሌላውን ያዝኩ።
በአንድ ሌሊት አራት ገጽ! ሌሎቹ
ምዕራፍ ጨርሰው ካርታ ይጫወታሉ።
አንድ ጊዜ አለቀስኩ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣
ማሽኑ ሲሽከረከር፣ እንዳይሰማ።

ዓርብ ተሻገርኩ። አባቴ ወደቡ ላይ
ወጥመድ ይጠግናል። "ምን ተማርሽ?" አለ፣
ሁልጊዜ እንደሚለው፣ መልስ ሳይጠብቅ።
መጽሐፌ ቦርሳዬ ውስጥ ተዘግቷል። ጀመርኩ፦
"ሸርጣኑን ዝናብ ውሃ ውስጥ ብትጥለው ለምን ይሞታል?"
"ስለሚሞት ነዋ!"
"አይደለም። ገላው ጨው አለው፣ ውሃው ጨው የለውም፤
ውሃ ደግሞ ጨው ወዳለበት ሲሄድ ደጅ አይጠናም፤
በስሱ በኩል ይገባል፣ ይገባል፣
ሕዋሱ እስኪወጠር፣ እስኪፈነዳ።"

መርፌውን አቆመ። ባሕሩን አየ።
ሠላሳ ዓመት ያየውን ሞት
አሁን ገና ያወቀው መሰለኝ።
ልኮራ ስል፦
"ታዲያ ያ ትንሹ፣ በወንዙ አፍ የሚኖረው፣
ባሕሩ ሲመጣ በጨው፣ ወንዙ ሲሞላ ያለ ጨው፣
እሱ ለምን አይፈነዳም?"

አፌን ከፈትኩ።
ቀኝ ገጽ፣ ከላይ... የለም። ቢጫም የለም።
ግማሿን እርሳስ ከኪሴ አወጣሁ፤
ነፋሱ ገጹን እንዳይወስደው
በክርኔ ተጭኜ፣
ከዳር፣ በትንሹ፣
ያባቴን ጥያቄ ጻፍኩ።